የሚጣላኝ ሰው አጣሁ

ከወንበር ለመነሣት በቀኜ አንድ ልጅ፣ በግራዬ አንድ ከዘራ የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ወጣት መዝገብ ታቅፎ በራችን ድረስ መጣና፣ «አባባ፣ እርስዎ ተነሺ ነዎት» አለኝ። ጉልበቴን አየሁት፤ ሳቄ መጣ። ለካ ልጁ እየቀለደ አይደለም፤ «የልማት ተነሺ» ማለቱ ነው። ሐኪምም ጠበልም ያላስነሣውን ጉልበት መዝገብ አስነሣው። ተወልጄ ካደግሁበት፣ አግብቼ ከወለድሁበት፣ ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ካጉረመረምሁበት ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ተነሣሁ።

ማጉረምረሜን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው። እዚያ ሳለሁም ሰፈሩን አመሰገንሁት አልልም። ጣራው ያፈሳል፣ ጭቃው ያዳልጣል፣ ለአሥራ ሁለት አባወራ ያለን አንድ ሽንት ቤት ነበር። ማለዳ ወረፋ ስንይዝ ጎረቤቶቼን ሳላያቸው በሳላቸው እለያቸው ነበር። አሁን የራሴ ሽንት ቤት አለኝ፤ ልጆቼም በየሳምንቱ እየመጡ ያስታውሱኛል፣ የሸለሙኝ ኒሻን ይመስል። ሬዲዮ ላይ ስለ ድሮ ሰፈር ሲያወሩ መተሳሰቡን፣ መጠያየቁን፣ አብሮ መብላቱን እያነሡ ያላቅሳሉ። ያልቅሱ። እኔን የናፈቀኝ ግን ጠቡ ነው።

ቃሉን እንኳ እዩት። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነው የፈጀሁት፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ሲለቅም የኖረ ሰው ቃል ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። «ሰፈር» ማለት የሰፈሩበት ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው፣ በ1879 አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በየጉብታው ቦታ ተመርተው ድንኳን ተከሉ፤ ወታደሩ፣ ሎሌው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ በጌታው ዙሪያ ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው የዚያ ልማድ ቅሪት ነው። ሌላው በሥራው ተጠራ፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር። ሌላው በመጣበት አገር፤ ጎፋ ሰፈር። የምኒልክ ዘመን ባለ እንፋሎት መኪና ተሰብሮ ከቀረበት ቦታ ደግሞ ሰባራ ባቡር መጣ። እኛ ዶሮ ማነቂያ ለምን እንደተባልን የጠየቃችሁት ሽማግሌ ሁሉ የየራሱን ይነግራችኋል። እውነተኛው የእኔ ነው፤ ግን ረጅም ስለሆነ ትቼዋለሁ።

የሰፈረ ጦር ታዲያ አንድ ቀን ይነሣል። መዝገብ የያዘው ልጅ ሳያውቀው ሰዋስው ተናገረ።

ጣሊያን ሲገባ ይህ ዝንጉርጉር አሰፋፈር ዓይኑን ቆረቆረው። ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ፕላን አወጣ። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደና ላገሬው ሰው ሰጠው፤ መርካቶ ያልነው እሱን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው ተቋም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ እኛ አፋችን ላይ እንዳመጣልን ካዛንቺስ አልነው። ለተራው ሠራተኛ የሠራው «ካዛ ፖፖላሬ» ነበር፤ እሱንም ፖፖላሬ ብለን አሳጠርነው። ቢሮ የሚገባው ወዲያ፣ አካፋ የሚይዘው ወዲህ፣ ሐበሻው ደግሞ ማዶ። ጣሊያን በወጣ ማግስት እኛ ምን አደረግን? አደባለቅነው። በዚያ ሁሉ መሐንዲስ የተለየው ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተገኘ። ካዛንቺስ ልብስ ሰፊና ጠጅ ቤት፣ ጋራዥና አልጋ ቤት ሆነች። አሁን እሷም በ2017 መጀመሪያ ተነሥታለች። የሚሠራባት ፎቅ ሲያልቅ ማን እንደሚገባበት አትጠይቁኝ፤ እኔ እንዳልሆንሁ ብቻ አውቃለሁ። ጣሊያን በቆዳ ቀለም ሊለየን ሞክሮ አቃተው፤ የካሬ ሜትር ዋጋ ያለ አንድ ጥይት ለየን።

ወደ ጠቡ ልመለስ።

ከግድግዳዬ ማዶ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነበር። ግድግዳ አልሁት እንጂ ጭቃ የተመረገ አጣና ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ። ንጋት ላይ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትት፣ ያ ድምፅ ሕልሜ ውስጥ ይገባል። ሕልም ሳይሆን ሸማ ሳይ ነው ያደርሁት። ድር የሚያደራ ቀን ደግሞ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በክር ያጥረዋል፤ ሽንት ቤት ለመድረስ እንደ ፍየል መዝለል ነው። አንድ ቀን ዶሮዬ ክሩ መሐል ገባች። አንድ የጥበብ ቀሚስ የሚሆን ድር ተበጣጠሰ። ሸማኔው ዶሮዋን አንገቷን ይዞ ወጣና በግቢው መሐል ቆሞ፣ «አንቃታለሁ!» አለ። «ብታንቃት ፍርድ ቤት እንገናኛለን!» አልሁት። «የሰፈሩ ስም ይፈቅድልኛል!» አለኝ።

እስቲ ንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ የሚመልስ ጎረቤት በየትኛው ዕጣ ይወጣል?

በዚያ ንዴት ነው ያን ቃል ያወጣሁት። «ቁጢት በጣሽ» አልሁት። እናንተ ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ባታውቁት ይሻላል። ሸማኔ የሸመነውን ነጠላ አጣፍቶ ቅዳሴ እየቆመ፣ ሸማኔውን በዚህ ስም የሚጠራ አገር ነበረን። ሸክላ ሠሪዋን በቡዳነት እየጠረጠረ በሠራችው ምጣድ የሚበላ አገር። የድሮ ሰው ሁሉ ጨዋ ነበር የሚሏችሁን አትመኑ፤ እኔ ራሴ ድሮ ነበርሁ። ሸማኔው ዝም አለ። ቀስ ብሎ፣ «እኔ እጄን ባጥፍ አንተ ጊዮርጊስ የምትሄደው በምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ከዚያ ዶሮዋን ለቅቆ ገባ። ሽማግሌዎች ተሰየሙብኝ፤ አንድ በግ ተፈረደብኝ። በጉ ታርዶ ካሳነቱ ለሱ ሆነና ግቢው ሁሉ አብሮ በላው፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ጉልበቱን ሳምሁ። በማግስቱ ቆዳው የማን ነው በሚል ተጣላን።

አርባ ዓመት እንዲህ ኖርን። ልጆቹ በቋንቋቸው ሲያወሩ ልጄ አብራ አቀላጥፋ ታወራ ነበር። እኔ የገባኝ ስድቡ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ ስለሚጠቀሙበት ነው።

ሌሎችም ነበሩ። ከግቢያችን በር ላይ የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበር፤ ዱቤ ሲጽፍ በዐረብኛ ስለሚጽፍ ምን ያህል ዕዳ እንዳለብን የሚያውቀው እሱና አምላኩ ነበሩ። እሱ ወዳገሩ ሲመለስ የሱቁን ቁምሣጥንና የዱቤ ደብተሩን ከሱ ጋር ሲሠራ ያደገው የጉራጌ ልጅ ወረሰ፤ ደብተሩን ማንበብ ባይችልም ዕዳችንን በቃሉ ይዞት ነበር። ፒያሳ ወጣ ሲሉ ጫማዬን የሚሰፋልኝ አርመን ነበር። አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው፤ ሲራገም ደግሞ እንደ ቡልጋ ሰው ነው። «አንተ ምን አገባህ፣ የውጭ ዜጋ!» ያልሁት ዕለት መርፌውን አስቀምጦ፣ የጃንሆይን መዝሙር ዜማ የደረሰው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ አርመን። ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ማርሽ ያስተማረ ሰው። «ቆመህ ሰላምታ የምትሰጠው ለእኛ ዜማ ነው» አለኝና ጫማዬን አንድ ብር ጨምሮ አስከፈለኝ።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ የባላባት ልጅ ነበሩ። አሥራ ሁለቱም ቤት የሳቸው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ እሳቸው አንዱን መርጠው ቀሩ፣ አሥራ አንዱ የቀበሌ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ትናንት ኪራይ እጃችን እየተንቀጠቀጠ የምንከፍላቸው እመቤት፣ ዛሬ የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ ከኋላዬ ቆመው ሳሙና ይጠብቃሉ። ለዓመታት ግቢው ሲቆሽሽ የሚቆጡት ግን እሳቸው ነበሩ። «ማን ነው ግድግዳዬን በምስማር የበሳው?» ይላሉ። «የቀበሌ ነው እመቤቴ» እንላለን። «የቀበሌ እናት ትሙት!» ይሉናል። ለመንግሥት በወር ዘጠኝ ብር እየከፈልን ለሳቸው ደግሞ ፍርሃት እንከፍል ነበር። በዘጠኝ ብር ያ ቤት እስኪፈርስ ኖሬበታለሁ፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ የማኪያቶ ስኒው እጀታ እንኳ አይገኝም።

ፊት ለፊቴ ደግሞ መካኒክ ነበር፤ ወላጆቹ ከአስመራ የመጡ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ። በመኪና ድምፅ ሌሊቱን ያስነሣን ስለነበር እሱንም ከሰስሁት። የዕቁባችን ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። በ1990 ክረምት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ሌሊት አውቶቡስ ወሰደው። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል፤ ስለዚህ ስለ ዕቁቡ ልንገራችሁ። ገና አልወጣለትም ነበር። የዕቁቡ ዳኛ ሰበሰበንና የከፈለው ገንዘብ ይቀመጥ አለ፤ በፖስታ አሽገን በስሙ አስቀመጥን። በ2010 ክረምት አውሮፕላን እንደገና አስመራ መብረር ሲጀምር ሰው አግኝተን ላክንለት። ሲቀመጥ አነስተኛ ፍሪጅ የሚገዛ ገንዘብ ነበር፤ ሲደርሰው ለአንድ ጥንድ ጫማ እንኳ አጠረው። ደውሎ ሃያ ዓመት ሙሉ የቆየበትን ወለድ ጠየቀኝ። በስልክ ተሰዳደብን፤ ሁለታችንም ለቅሶ እያነቀን።

አሁን ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከፒያሳ ሦስት ታክሲ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ዕጣ ሲወጣልኝ ልጆቼ እልል አሉ፤ ጉልበቴን አላማከሩትም። ውኃ በተራ ይመጣል፤ መጥቶም አራተኛ ፎቅ ለመውጣት እንደ እኔው ይቸገራል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርፎ ይመለሳል። ስለዚህ ቢጫ ጀሪካን ከታች እናወጣለን። ይህ ሁሉ ግን ይቻላል።

የማይቻለው ጨዋነታቸው ነው። በደረጃው የሚያልፈው ሁሉ «ሰላም ዋሉ አባባ» ይልና ብረት በሩን ከኋላው ይቆልፋል። ማን ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ድሮ የሰው ሥራ በጆሮና በአፍንጫ ነበር የሚታወቀው፤ መወርወሪያው ይንሸራተታል፣ መዶሻው ይጮኻል፣ የጠላው ጥንስስ ይሸታል፣ የበርበሬው ቁሌት ያስነጥሳል። እዚህ ጎረቤቴን ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው «ቢዝነስ» አለኝ። ምን ዓይነት ብለው «የተለያየ» አለኝ። የተለያየ! ታዲያ በምኑ ልጣላው? ደግሞ ስሙን ሳላጠና ይለቃል፤ ኪራይ ሲጨምርበት ደላላ ሌላ ጨዋ ያስገባል።

የግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የህንጻው ነዋርዎች የጽዳት ክፍያ እንድትከፍሉ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በቀይ እስክሪብቶ «ነዋሪዎች» ብዬ አረምሁት፤ «ሕንጻ»ውንም በሐመሩ ሐ አቃናሁት፤ ግርጌው ላይ «ፊደል ያልቆጠረ ኮሚቴ» ብዬ ጻፍሁበት። ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ጠበኛ ጠበቅሁ። አንድ ልጅ መጣ። «አባባ፣ እናመሰግናለን» ብሎኝ ሄደ።

ይባስ ብሎ የሬዲዮኔ ድምፅ ረብሿቸው ኖሯል። የነገረኝ ልጄ ነው። ለልጄ የነገረው ማን ነው? ስልክ። የብሎኩ ሰው ቴሌግራም ላይ ተሰብስቦ ስለ እኔ ሬዲዮ ሁለት ሳምንት ተከራክሯል። አንዱ ስለ መብት ጽፏል፣ አንዱ ሽማግሌ ይከበር ብሏል፣ አንዱ ደግሞ ዘሬን ከሬዲዮው ጣቢያ ገምቶ ሌላ ነገር ጽፏል። በሬ በራቸው አጠገብ ነው! በቡጢ ቢመቱት እከፍት ነበር! እኛም በየዘራችን ተሰዳድበናል፤ ነግሬያችኋለሁ፣ በግ ከፍዬበታለሁ። ግን ፊት ለፊት ስለሆነ ሽማግሌ መሐል መግባት ይችል ነበር። ቴሌግራም ውስጥ ማን በግ ያርዳል?

አሁን የሰፈሬን ሰው የማየው ቀብር ላይ ነው። ዕድሩን አላፈረስነውም። ድንኳኑና ድስቱ አንድ አባል ቤት ተከማችቷል፤ ጡሩምባው ቀርቶ በስልክ እንጠራራለን። ከጀሞ፣ ከአያት፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየአቅጣጫው በአውቶቡስ ተሰባስበን አንዱን እንቀብራለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን የቀረውን እንቆጥራለን። ባለፈው የሸማኔው ተራ ነበር። ሄድሁ። ሬሳውን ከሦስተኛ ፎቅ ሲያወርዱ ደረጃው ጠቦ ሳጥኑን ማቆም ግድ ሆነ፤ ቆሞ ወረደ። በቁሙ እንኳ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የኖረው። የተገነዘው ራሱ በሸመነው ነው። ዳሩን ሳየው አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተዛንፏል። ማን ልበለው?

ከቀብር ስመለስ ፒያሳ ወረድሁ። አምፖሉ በርቷል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ ለብስክሌት ሳይቀር መስመር ተሰምሯል። ቤቴን ፈለግሁት። ከጊዮርጊስ ወዲህ እርምጃዬን ቆጥሬ፣ ግምቴ ካልሳተኝ፣ ሽንት ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ አሁን አበባ ተተክሏል። እንዴት እንደለመለመ! አትክልተኛው በራሱ ሙያ የመጣ መስሎት ነው የሚያጠጣው። የአሥራ ሁለት አባወራ ውለታ መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትሁና ተውሁት፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ያመሰግነኛል።

አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። የብሎካችን ዘበኛ። ስድሳ የሚሞላው ሰው ነው፤ ጋቢውን ደርቦ በሩ ላይ ይቀመጣል። እኔ «ኦቦ» እለዋለሁ፣ እሱ «እርስዎ» ይለኛል። ባለፈው ሰኞ ጀሪካን ላስሞላ ወርጄ፣ እንደ ልማዴ አጉረመረምሁ። «ይህ ነፋስ፣ ይህ አቧራ! ምን የማይረባ መሬት ላይ ነው ያስቀመጡን! እዚህ መሬት ላይ ሣር እንኳ የሚበቅል አይመስለኝም» አልሁ።

ዝም አለ። ቀና ብሎ አራተኛውን ፎቅ አየና፣ «እርስዎ የሚኖሩት ጤፌ ላይ ነው» አለኝ።

«የምን ጤፍ?»

«የእኔ ጤፍ። ይህ ብሎክና ያኛው፣ እስከዚያ ውኃ ታንከር ድረስ። አባቴ ያረሰው፣ እኔ ያረስሁት። ከዚያ ተነሺ ነህ አሉኝ።»

እዚህ ላይ ደግ ሰው ቢሆን ያዝናል። እኔም አዝኛለሁ፤ ሆዴን የሆነ ነገር ወጋኝ። እኔን ለማስፈር ያነሡት ሰው ተነሺውን እኔን እየጠበቀ ነው። ግን አፌ አርባ ዓመት የለመደውን ነው የሚያውቀው። «ቢሆንም ሰርገኛ ነው የሚሆነው» አልሁት። «ከዚህ መሬት ነጭ ጤፍ አይወጣም። ነጭ ጤፍ የአድኣ ነው።»

ዱላውን ያዘና ተነሣ። «አንተ!» አለኝ። «አንተ ፒያሳ ቁጭ ብለህ በኪሎ እየገዛህ ስትበላ የነበርህ ሰውዬ፣ ስለ ጤፍ ለእኔ ትነግረኛለህ?»

አንተ አለኝ! እዚህ ብሎክ ከገባሁ ጀምሮ አንተ ያለኝ ሰው የለም። ጀሪካኑን ትቼ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ አልተሰማኝም። ለባለቤቴ «ቡና አፍዪ» አልኋት፤ «ሰው ተጣላኝ።»

ሦስት ቀን ሆነው፤ አኩርፎኛል። በየማለዳው አራቱን ፎቅ ወርጄ ሲያኮርፈኝ አያለሁ። እሱ ወንበሩን ወደ ግንቡ ያዞራል፤ እኔም ከቤት በርጩማ አስወርጄ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ መንገዱ እቀመጣለሁ። ዛሬ ከጧት ጀምሮ አንድም ቃል አልተናገርንም። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ መጣ፣ አቧራው ተነሣ፤ ላጉረመርም ስል ከኋላዬ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

«ማኛ ነበር» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ሰርገኛ» አልሁት።